ቤተ ሰብን ይዞ ወደ ኤውሮፓ ከተሞች ለሚደረግ አጭር ጉዞ ስለሚያስፈልግ ዝግጅት

ልዑል አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን በ1916 ዓ.ም. መሳፍንቱንና መኳንንቱን አስከትለው ወደ ኤውሮፓ በሄዱ ጊዜ፣ ከአዲስ አበባ እስከ ጅቡቲ በምድር ባቡር፣ ከጅቡቲ ወዲያ በመርከብ፣ በኤውሮፓም ምድር ከከተማ ወደ ከተማ እንደ ገና በባቡር ተጓዙ። ፓሪስን፣ ብራስልስን፣ ስቶክሆልምን፣ ሮማን፣ ሎንዶንን፣ ጄኔቫንና አቴናን ጐብኝተው እስኪመለሱ ድረስ፣ ከሚያዝያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ አራት ወር ከመንፈቅ ያህል ፈጀባቸው። የመንገዳቸውንም አኳኋን ኅሩይ ወልደ ሥላሴ «ደስታና ክብር» በተባለው መጽሐፋቸው ለትውልድ ጽፈው አቆይተዋል።

ዛሬ ከአዲስ አበባ ሌሊት የተነሣ አይሮፕላን በማለዳ ፓሪስ ወይም ፍራንክፉርት ያደርሳል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ ፍራንክፉርት መብረር ከጀመረበት ከ1958 እ.ኤ.አ. ወዲህ የኤውሮፓ መንገድ ለነጋዴው እጅግ ቀርቧል። ነገር ግን መንገዱ ሲያጥር ወረቀቱ ረዝሟል።

በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፣ በሳሪስም ሆነ በጎፋ፣ በመካኒሳም ሆነ በጀሞ ሱቅና መጋዘን ያለው ነጋዴ፣ በክረምት ገበያው ሲቀዘቅዝና ተማሪ ቤት ሲዘጋ፣ ቤተ ሰቡን ይዞ ሁለት ሦስት የኤውሮፓ ከተሞችን ለማየት ቢያስብ የሚያስደንቅ አይደለም። ይህን ሐሳብ ይዞ የሚነሣ ሰው ግን ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከተሞቹን በመምረጥና የአይሮፕላን ቲኬት በመግዛት ነው። ይህ አጀማመር የተገለበጠ ነው። ለኢትዮጵያዊ መንገደኛ የጉዞውን ቅርጽ የሚወስነው ቪዛው ነው፤ ከተሞቹና ባቡሩ፣ አይሮፕላኑና ሆቴሉ ሁሉ ለቪዛው ይገዛሉ። ከዚህ ቀጥሎ ነገሩ በየተራው ይገለጻል።

1ኛ፤ ስለ ሸንገን ቪዛ

ሸንገን በሉክሰምቡርግ አገር ያለች ትንሽ መንደር ናት። በ1985 እ.ኤ.አ. ሰኔ ወር አምስት የኤውሮፓ መንግሥታት በመካከላቸው ያለውን የድንበር ቁጥጥር ለማንሣት የተዋዋሉት በዚህች መንደር ስለ ሆነ፣ ውሉ በስሟ ይጠራል። ከ2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዚህ ውል የተሳሰሩት አገሮች 29 ደርሰዋል። በእነዚህ አገሮች ውስጥ አንድ ቪዛ ለሁሉ ያገለግላል፤ ከፓሪስ ተነሥቶ ብራስልስ የሚገባ ሰው ሌላ ቪዛ አይጠየቅም። ስዊስና ኖርዌይ የኤውሮፓ ኅብረት አባል ባይሆኑም ከሸንገን ውስጥ ናቸው። ብሪታንያና አየርላንድ ግን ከውሉ ውጭ ስለ ሆኑ የየራሳቸውን ቪዛ ይጠይቃሉ።

የአጭር ጊዜ ቪዛ በማናቸውም 180 ቀን ውስጥ ከ90 ቀን የበለጠ ለመቆየት አያስችልም። ለጐብኝ የሚሰጠው ግን ብዙውን ጊዜ በማመልከቻው ላይ የተጻፉትን ቀኖች ብቻ የሚሸፍን ነው። የገቡበትም ቀን፣ የወጡበትም ቀን ሁለቱም ይቆጠራሉ፤ ስለዚህ አሥር ሌሊት የሚያድር ሰው አሥራ አንድ ቀን እንደ ቆየ ይታሰባል።

ለኢትዮጵያውያን ደግሞ በተለይ የሚመለከት ነገር አለ። የኤውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት ሚያዝያ 21 ቀን 2016 ዓ.ም. በወሰነው ውሳኔ፣ ለኢትዮጵያውያን አመልካቾች የቪዛ ምርመራ ጊዜ ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን እንዲራዘም፣ ከሚጠየቁት ማስረጃዎች አንዱም እንዳይቀነስ፣ ደጋግሞ የሚያስገባ ቪዛም እንዳይሰጥ አድርጓል። ምክንያቱም ያለ ፈቃድ በኤውሮፓ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንን ወደ አገራቸው በመመለስ ረገድ በቂ ትብብር አልተገኘም የሚል ነበር። ውሳኔው መሻሩ በይፋ እስካልተነገረ ድረስ፣ የቤተ ሰብ ጉዞ የሚያቅድ ሰው ቪዛው አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባ እንደ ሆነ አድርጎ ማሰብ ይገባዋል።

የዚህ ትርጉም በምሳሌ ሲታይ ይጐላል። አንድ አባወራ ፓሪስ ከገባ በኋላ ቤተ ሰቡን ይዞ ሎንዶንን ለማየት ቢፈልግ፣ ባቡሩ ከባሕር በታች በተቆፈረው መንገድ አልፎ በሁለት ሰዓት ከሩብ ያህል ያደርሰዋል። የብሪታንያን ቪዛ አስቀድሞ ከያዘ የሚከለክለው የለም። ሆኖም ከፓሪስ ተነሥቶ ወደ ሎንዶን በሄደ ጊዜ ከሸንገን አገሮች ወጥቷል፤ አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባው ቪዛም በዚያው ሥራውን ፈጽሟል። ወደ አዲስ አበባ የሚመልሰው ቲኬት ከፓሪስ የተገዛ ከሆነ፣ ልጆቹን ይዞ ሎንዶን ላይ ይቀራል፤ ለአምስት ሰውም በዕለቱ ዋጋ አዲስ ቲኬት ለመግዛት ይገደዳል። ስለዚህ ሎንዶን የግድ መታየት ካለባት፣ ከሁሉ አስቀድማ ወይም ከሁሉ በኋላ ትደረግ እንጂ በመካከል አትግባ። በመጨረሻ ከሆነችም የመመለሻው ቲኬት ከሎንዶን ይሁን።

2ኛ፤ ማመልከቻው ለየትኛው መንግሥት ይቀርባል?

ብዙ ሰዎች ቪዛ ቶሎ ይሰጣል ተብሎ ለሚወራለት ኤምባሲ ማመልከት ይሻላል ብለው ያምናሉ። ሕጉ ግን ምርጫውን ለአመልካቹ አይተውለትም። ማመልከቻው የሚቀርበው የጉዞው ዋና መድረሻ ለሆነው አገር ነው፤ ይኸውም ብዙ ቀን ለሚቆዩበት ወይም የጉዞው ዋና ጉዳይ ለሚፈጸምበት ነው። የቀኖቹ ቁጥር እኩል ከሆነ አስቀድሞ ለሚገባበት አገር ይቀርባል። ስለዚህ የሌሊቶቹ አከፋፈል ለዕረፍት ብቻ ሳይሆን ለሕግም የሚታሰብ ነው። ሦስቱን ከተሞች በእኩል ሌሊት ከማካፈል ይልቅ፣ አንዱን በግልጽ አብልጦ መያዝ ከጥርጥር ያድናል።

ነጋዴው በጉዞው መካከል ዕቃ የሚልክለትን ድርጅት ለመጐብኘት ቢያስብ፣ ይህን በማመልከቻው ላይ ሳይደብቅ መግለጽና የድርጅቱን የጥሪ ደብዳቤ ማያያዝ አለበት። በወረቀት ላይ ጐብኝ ነኝ ብሎ በድንበር ላይ የንግድ ደብዳቤ የተገኘበት ሰው ራሱን ለጥያቄ ያጋልጣል።

የሚያስፈልጉት ማስረጃዎች በጠቅላላው እነዚህ ናቸው። ፓስፖርቱ ከሸንገን አገሮች ከሚወጡበት ቀን በኋላ ቢያንስ ሦስት ወር የሚያገለግል፣ ከተሰጠ አሥር ዓመት ያልሞላውና ሁለት ባዶ ገጽ ያለው መሆን ይገባዋል። የሕክምና ኢንሹራንሱ ለእያንዳንዱ ሰው ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን፣ ለሸንገን አገሮች ሁሉና ለጉዞው ቀኖች በሙሉ የሚያገለግል ይሁን። ከእነዚህም ጋር የሆቴልና የመመላለሻ ቦታ መያዙን የሚያሳይ ወረቀት፣ የባንክ ሒሳብ መግለጫ፣ የንግድ ፈቃድ፣ የግብር ክፍያ ማስረጃ፣ የጋብቻና የልጆቹ የልደት የምስክር ወረቀት ይቀርባሉ። ልጆቹ በመስከረም ወደ ትምህርታቸው እንደሚመለሱ የሚገልጽ የተማሪ ቤት ደብዳቤም ቤተ ሰቡ ለመመለስ ያለውን ሐሳብ ያጠነክራል።

በዚህ ላይ ሁለት ነገሮች በብርቱ መታየት አለባቸው። የመጀመሪያው የቀን አቆጣጠር ነው። የልደት ወረቀቱ በኢትዮጵያ፣ ፓስፖርቱ ደግሞ በኤውሮፓ አቆጣጠር ሲጻፍ፣ በመገልበጥ ስሕተት የአንድ ልጅ ዕድሜ በሁለት ወረቀት ሁለት ሆኖ ይገኛል። ይህ ማመልከቻው ከመግባቱ በፊት ይመርመር፤ ማረምም ጊዜ ይፈጃል። ሁለተኛው የባንክ ሒሳቡ ነው። ከማመልከቻው ጥቂት ቀን አስቀድሞ ከዘመድ ተበድሮ የገባ ብዙ ገንዘብ ሒሳቡን ከማሳመር ይልቅ ያጠራጥራል። በየወሩ የሚገባና የሚወጣው የንግዱ ገንዘብ፣ መጠኑ መካከለኛ ቢሆንም፣ የተሻለ ምስክር ነው።

3ኛ፤ ምሳሌ፤ አምስት ሰው፣ ሦስት ከተማ፣ አሥር ሌሊት

አባት፣ እናት፣ የ15 ዓመት ልጅ፣ የ10 ዓመት ልጅና የ5 ዓመት ልጅ ያሉበት ቤተ ሰብ ፓሪስን፣ ብራስልስንና ፍራንክፉርትን ሊያይ አሰበ እንበል። አምስት ሌሊት በፓሪስ፣ ሁለት ሌሊት በብራስልስ፣ ሦስት ሌሊት በፍራንክፉርት ያድራል። ብዙ ሌሊት የሚያድረው በፓሪስ ነውና ማመልከቻው ለፈረንሳይ ይቀርባል።

የቪዛው ክፍያ ከሰኔ 4 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ ለአዋቂ 90 ዩሮ፣ ከ6 ዓመት ጀምሮ 12 ዓመት ላልሞላው ልጅ 45 ዩሮ ነው፤ ስድስት ዓመት ያልሞላው አይከፍልም። በዚህ መሠረት ሦስቱ 270 ዩሮ፣ የአሥር ዓመቱ ልጅ 45 ዩሮ፣ በድምሩ 315 ዩሮ ይሆናል። ማመልከቻ ተቀባዩ ድርጅት የሚያስከፍለው የአገልግሎት ዋጋ ከዚህ ውጭ ነው። ቪዛው ቢከለከል ይህ ገንዘብ አይመለስም። የጣት አሻራ የሚሰጡት 12 ዓመት የሞላቸው ናቸው፤ ስለዚህ ከልጆቹ አንዱ ብቻ ለአሻራ መቅረብ ይኖርበታል።

የአይሮፕላኑ ቲኬት በፓሪስ ገብቶ ከፍራንክፉርት የሚመለስ ይሁን። አየር መንገዱ ወደ ሁለቱም ከተሞች ስለሚበር ይህን በአንድ ቲኬት መግዛት ይቻላል። መነሻውንም መመለሻውንም ፓሪስ ያደረገ ሰው ግን፣ ከፍራንክፉርት ወደ ፓሪስ ለመመለስ አራት ሰዓት ያህል የሚወስድ የባቡር ጉዞ ለአምስት ሰው ይከፍላል፤ ከዕረፍቱም አንድ ቀን በከንቱ ይጠፋል። የአይሮፕላኑ ዋጋ ጥቂት ቢበልጥ እንኳ፣ ልዩነቱ ከዚህ ወጪ ጋር ተመዛዝኖ ይታይ።

ከተማ ማብዛትም መልካም አይደለም። ሻንጣ ጠቅልሎ ከሆቴል መውጣት፣ ጣቢያ መድረስ፣ ባቡር መሳፈርና ሌላ ሆቴል መግባት፣ መንገዱ አጭር ቢሆንም ከቀኑ እኩሌታውን ይወስዳል። ትንሽ ልጅ ለያዘ ሰው በአሥር ሌሊት ሦስት ከተማ ይበቃል፤ አምስት ከተማ ያሰበ ሰው ግን ከከተሞቹ ይልቅ የጣቢያዎቹን አዳራሽ አይቶ ይመለሳል።

4ኛ፤ ባቡር ወይስ አይሮፕላን?

የንፋስ ስልክ ላፍቶ ነዋሪ ለባቡር እንግዳ አይደለም። መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. የተመረቀው፣ ርዝመቱ 750 ኪሎ ሜትር ያህል የሆነው የጅቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡር መንገድ የመንገደኞች ጣቢያው በለቡ በኩል ነው። በኤውሮፓ ግን ባቡሩ በቀን ብዙ ጊዜ ይመላለሳል፤ ጣቢያውም ብዙውን ጊዜ በከተማው እምብርት ይገኛል። ልዩነቱን የሚያመጣው ይህ ነው።

ከፓሪስ እስከ ፍራንክፉርት አይሮፕላን አንድ ሰዓት ከሩብ ያህል፣ ፈጣን ባቡር ደግሞ አራት ሰዓት ያህል ይወስዳል። በዚህ ብቻ የሚፈርድ ሰው አይሮፕላኑን ይመርጣል። ነገር ግን ወደ አይሮፕላን ማረፊያው ለመድረስ አንድ ሰዓት፣ ከበረራው በፊት ለመቆየት ሁለት ሰዓት፣ ሻንጣ ተቀብሎ ከተማ ለመግባት ደግሞ ሌላ አንድ ሰዓት ቢደመር፣ ከአምስት ሰዓት ያልፋል። ስለዚህ በባቡር ከአራት እስከ አምስት ሰዓት ለሚያስኬድ መንገድ ባቡር ይሻላል፤ ከዚያ ለሚበልጠው፣ ለምሳሌ ከፓሪስ ወደ ሮማ፣ አይሮፕላን ይሻላል። በምሳሌው ያለው ቤተ ሰብ ከፓሪስ እስከ ብራስልስ አንድ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ያህል፣ ከብራስልስ እስከ ፍራንክፉርት ሦስት ሰዓት ያህል በባቡር ይጓዛል። በመንገድ ላይ ኮሎኝ ከተማ ወርዶ፣ ከጣቢያው አጠገብ ያለውን ታላቅ ካቴድራል አይቶ በሌላ ባቡር ለመቀጠል ከፈለገም፣ ቲኬቱን አስቀድሞ በሁለት ከፍሎ ይግዛ።

በርካሽ ዋጋ የሚበሩ አየር መንገዶች ሲታሰቡ የማረፊያው ስፍራ ይጠየቅ። የፓሪስ ተብሎ የሚሸጠው የቦቬ አይሮፕላን ማረፊያ ከፓሪስ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። የሻንጣውም ዋጋ ለብቻው ስለሚከፈል፣ የአምስት ሰው ሻንጣ ርካሹን ቲኬት ውድ ሊያደርገው ይችላል።

ኤውሮፓ ውስጥ ለማይኖሩ መንገደኞች በ33 አገሮች የሚያገለግል፣ ዩሬይል የሚባል የባቡር ማለፊያ ይሸጣል። ከ4 እስከ 11 ዓመት ያሉ ልጆች፣ ለአንድ አዋቂ ሁለት ልጅ ሆነው፣ የልጅ ማለፊያ ተጽፎላቸው በነጻ ይሄዳሉ። ቢሆንም ማለፊያው የሚጠቅመው ብዙ ቀን በባቡር ለሚጓዝ ነው። በብዙ ፈጣን ባቡሮችም ላይ ለመቀመጫ ተጨማሪ ይከፈላል። ሁለት ጊዜ ብቻ ለሚሳፈር ቤተ ሰብ፣ ለየመንገዱ ቲኬት ለየብቻ አስቀድሞ መግዛት ብዙ ጊዜ ይረክሳል።

የጣቢያው ስም በቲኬቱ ላይ እንደ ተጻፈ በጥንቃቄ ይነበብ። በፓሪስ ወደ ብራስልስ የሚሄደው ባቡር ከጋር ዱ ኖር፣ ወደ ፍራንክፉርት የሚሄደው ከጋር ደ ሌስት ይነሣል። በብራስልስ ከተማ ሁለት ቋንቋ ስለሚነገር፣ ሚዲ የተባለውና ዛውድ የተባለው ጣቢያ አንድ ናቸው። ፍራንክፉርት የሚባል ከተማም በጀርመን ሁለት አለ፤ አንዱ በማይን ወንዝ፣ ሌላው በኦደር ወንዝ ዳር ነው። የሚፈለገው የማይኑ ነው።

5ኛ፤ ስለ ሰዓትና ስለ ወራት

የኤውሮፓ ባቡር ሰዓት ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ እስከ 24 ይቆጠራል። 14:25 የሚለውን ለማግኘት ስድስት ሲቀነስ ከቀኑ 8:25 ይሆናል። ሰዓቱ የተጻፈው በየአገሩ ነው። በበጋቸው የፓሪስ ሰዓት ከአዲስ አበባ በአንድ ሰዓት፣ በክረምታቸው በሁለት ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል።

ብዙ ቤተ ሰብ የሚሳሳተው በሌሊቱ በረራ ነው። ቲኬቱ ጁላይ 20 ቀን 00:30 ቢል፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሐምሌ 13 ቀን ነው፤ ነገር ግን ወደ አይሮፕላን ማረፊያው የሚሄዱት ሐምሌ 12 ቀን ማታ ነው። ሐምሌ 13 ማታ ሻንጣ ይዞ የመጣ ሰው አይሮፕላኑ ከሄደ ወደ ሃያ አራት ሰዓት ሊሞላው ነው።

ስለ ወራቱም ሦስት ነገር ይታሰብ። በነሐሴ በፈረንሳይና በኢጣልያ ብዙ ፋብሪካዎችና ሱቆች ለዕረፍት ስለሚዘጉ፣ ዕቃ ሻጩን ለማየት ያሰበ ነጋዴ ሐምሌን ይምረጥ። ከነሐሴ 1 እስከ 15 ቀን ፍልሰታ ስለ ሆነ፣ የሚጾም ቤተ ሰብ ቁርስ የሚጨመርበትን የሆቴል ዋጋ ከመክፈሉ በፊት ምን እንደሚቀርብለት ይጠይቅ። በፍራንክፉርት ደግሞ የንግድ ትርዒት በሚደረግበት ሳምንት የሆቴል ዋጋ እጅግ ስለሚወጣ፣ ቀኑ አስቀድሞ ይታይ።

6ኛ፤ ስለ ገንዘብ

ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ የሚወሰን ስለ ሆነ፣ ዛሬ በብር የተሠራ ሒሳብ ከሦስት ወር በኋላ ላይሠራ ይችላል። ወጪው በዩሮ ይጻፍ፤ በብር የሚመነዘረውም መጠባበቂያ ተጨምሮበት ይሁን። የውጭ ምንዛሪ ከባንክ ለመግዛት ፓስፖርት፣ ቪዛና ቲኬት ስለሚጠየቅ፣ ይህ የመጨረሻው ሥራ ነው። አምስት ሰው በአንድ ተራ ክፍል ስለማይገባ ሆቴሉ በሁለት ክፍል ይታሰብ፤ በብዙ ከተሞች በየሌሊቱ የሚከፈለው የጐብኝ ግብርም አይረሳ። ከሁሉ በላይ የጉዞው ገንዘብ ከሱቁ መነገጃ ተለይቶ ይያዝ። ለመስከረም ገበያ ዕቃ መግዣ የታሰበውን ገንዘብ በሐምሌ የበላ ሰው፣ ደስታውን በዕዳ ገዝቶታል።

በዚህ ላይ አንድ ከባድ ምርጫ ይመጣል። ርካሽ ቲኬት አስቀድሞ ሲገዛ ይገኛል፤ ነገር ግን ብዙውን ጊዜ ገንዘቡ አይመለስም። ቪዛው ደግሞ እስከ 45 ቀን ይቆያል፤ መገኘቱም የተረጋገጠ አይደለም። ነጋዴ ይህን እንደ ንግድ ይመዝነው። ቪዛው ከተገኘ በኋላ ሲገዛ የሚጨመረው ዋጋ፣ ሙሉውን ገንዘብ ላለማጣት የሚከፈል ዋስትና ነው። ለማመልከቻው ብዙ ጊዜ የሚበቃው ቦታ መያዙን የሚያሳየው ወረቀት ስለ ሆነ፣ ከዚያ በፊት የሚያዘው ሆቴልና ቲኬት ያለ ኪሣራ የሚሰረዝ ይሁን።

7ኛ፤ የሥራው ቅደም ተከተል

ማመልከቻ ከጉዞው ከስድስት ወር በፊት አይቀበሉም። በሐምሌ አጋማሽ ለሚነሣ ቤተ ሰብ ሥራው እንዲህ ይከፈል።

በጥር፤ የሁሉም ፓስፖርት ይታይ፤ የልደትና የጋብቻ ወረቀቶች ቀን ከፓስፖርቱ ጋር ይመሳከር።

በየካቲትና በመጋቢት፤ ከተሞቹ ይመረጡ፤ ሌሊቶቹ ይከፈሉ፤ የሚቀርቡበት ኤምባሲ ይታወቅ፤ ቀጠሮ ይያዝ።

በሚያዝያ፤ ኢንሹራንሱና የሚሰረዙት ቦታዎች ተይዘው ማመልከቻው ይግባ። ከዚህ ከዘገየ 45ቱ ቀን ከጉዞው ቀን ጋር መጋፋት ይጀምራል።

ቪዛው እንደ ተገኘ፤ የገጹ ጽሑፍ በዕለቱ ይነበብ። ስሙ፣ የሚያገለግልበት ቀን፣ የተፈቀደው የቀን ብዛትና የመግቢያው ቁጥር ለእያንዳንዱ ልጅ ጭምር ይመርመር። ከዚያ በኋላ አይሮፕላኑ፣ ቀጥሎም ባቡሩ ይገዛ፤ በመጨረሻ ምንዛሪው።

በድንበር ላይ፤ ከጥቅምት 2 ቀን 2018 ዓ.ም. ጀምሮ የሸንገን አገሮች የሚገባውንና የሚወጣውን መንገደኛ በኤሌክትሮኒክ መዝገብ መመዝገብ ጀምረዋል። ከተፈቀደው ቀን ያለፈ ሰው ከመዝገቡ አይሰወርም፤ ይህም ለሚቀጥለው ማመልከቻው ዕንቅፋት ይሆናል።

ቪዛው ቢከለከል ምክንያቱ በጽሑፍ ይገለጻል፤ ይግባኝ የማለት መብትም አለ። የተጻፈውን ምክንያት ሳያቃኑ ያንኑ ማመልከቻ ደግሞ ማስገባት ግን ክፍያውን ሁለት ጊዜ ማጣት ነው።

የአገራችን ሰው «የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች» ይላል። ቲኬቱን አስቀድሞ ገዝቶ ቪዛውን በኋላ የሚፈልግ ሰው ነገሩ እንዲሁ ነው። ወረቀቱን አስቀድሞ፣ ሌሊቶቹን ቀጥሎ፣ መጓጓዣውን በኋላ የሚያሰናዳ አባወራ ግን ልጆቹን ይዞ በአንድ በር ይገባል፤ ያሰበውንም አይቶ፣ የሱቁ መነገጃ ሳይነካ፣ በቀኑ ወደ ቤቱ ይመለሳል።